ሳይሰሙ ስለ መፍረድ፤ «ኤርታሌ»ን እንዴት እንደ ተቀበልነው

አንድ ዳኛ በችሎት ተቀምጦ ከሳሹን ብቻ ሰምቶ፣ ተከሳሹ አፉን ሳይከፍት ቢፈርድበት፣ በችሎቱ ያለው ሰው ሁሉ ያጉረመርማል፤ ተከሳሹም ይግባኝ ይላል። በዘፈን፣ በመጽሐፍና በሥዕል ላይ ስንፈርድ ግን ይግባኝ የሚባልበት ሸንጎ ስለሌለ፣ ሳንሰማና ሳናነብ ፈርደን ቤታችን እንገባለን፤ ማታም ጥሩ እንቅልፍ እንተኛለን። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በመምህርነት ስሠራ ተማሪዎቼን «ያላነበባችሁትን መጽሐፍ አትንቀፉ፤ ያላነበባችሁትንም አታመስግኑ» እያልሁ ስመክር የኖርሁ ሰው ነኝ። ሆኖም ይህን ምክር ራሴ ያፈረስሁበት አንድ ቀን አለ። ያን ቀን ደብቄ የሌሎችን ስሕተት ብቻ ብጽፍ አንባቢዬን ማታለል ስለሚሆንብኝ፣ በቦታው አነሣዋለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ የዘፈን ሥራ ነው። በ2005 ዓ.ም. «ጃኖ» የተባለ የወጣቶች የሙዚቃ ጓድ «ኤርታሌ» ብሎ የሰየመውን የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። የጓዱ ሙዚቃ ፈረንጆች ሮክ የሚሉት ነው፤ የኤሌክትሪክ ጊታሩ የሚጮኽበት፣ ከበሮውም የሚበረታበት ዓይነት ማለት ነው። ከፊት የሚቆሙት ዘፋኞች አንድ ሳይሆኑ አራት ናቸው፤ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች። ሥራውን በአዘጋጅነት የመራው ቢል ላስዌል የሚባል አሜሪካዊ የባስ ጊታር ተጫዋች ሲሆን፣ ይህ ሰው ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን የቻግኒ ተወላጇን የእጅጋየሁ ሽባባውን (የጂጂን) አልበም ያዘጋጀ፣ ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1983 ከታወቀው የጃዝ ሰው ከኸርቢ ሃንኮክ ጋር የሠራ ነው።

ጃኖ ማለት፣ ለማያውቀው ወጣት ልንገረውና፣ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለበት የጥጥ ልብስ ነው፤ በቀድሞ ዘመን መኳንንቱና የተከበሩ ሰዎች ይለብሱት ነበር። ኤርታሌ ደግሞ በአፋር ምድር የሚገኝ፣ የቀለጠ ድንጋይ በአፉ ውስጥ እንደ ወጥ ሲንተከተክ ብዙ ዘመን የታየበት የእሳት ተራራ ነው። እንግዲህ ወጣቶቹ ራሳቸውን በአባቶች የክብር ልብስ፣ ሥራቸውን ደግሞ በአገራቸው እሳት ሰየሙ ማለት ነው። ስሙን ብቻ ያየ ሰው እንኳ እነዚህ ልጆች አገራቸውን ሊክዱ እንዳልተነሡ መገመት ይችል ነበር። ዳሩ ግን እኛ ስሙንም በሚገባ አላየነውም።

(ስለ እሳት ተራራ ካነሣሁ አይቀር፣ የምኖርባት ሽንፋም ከዚህ ነገር ድርሻ አላት። ተመራማሪዎች በሽንፋ ወንዝ ዳር ቆፍረው፣ ከ74,000 ዓመት በፊት በሱማትራ ደሴት የፈነዳው የቶባ ተራራ አመድ ረቂቅ ብናኝ በዚህ አፈር ውስጥ እንዳገኙ፣ በወንዙ ዳር የነበሩትም ሰዎች ያን ክፉ ዘመን ዓሣ እያጠመዱ እንዳለፉት እ.ኤ.አ. በ2024 አስታውቀዋል። ከሩቅ አገር የተነሣ ጩኸት ወደዚህ ቆላ ሲደርስ «ኤርታሌ» የመጀመሪያው አይደለም።)

አሁን የአቀባበሉን ነገር በቅርብ ካየሁት ልጀምር። ሽንፋ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ናት፤ ወንዟ ወደ ሱዳን ወርዶ ራሀድ ይባላል። በዚያ ዘመን አዲስ ነገር ወደ እኛ የሚደርሰው ቴሌቪዥን ባለባቸው ጥቂት ሻይ ቤቶች በኩል ነበር። መብራት በጠፋ ጊዜ ባለቤቱ ጄኔሬተሩን ከበሩ ፊት ለፊት ያስነሣዋል፤ እርሱም እንደ ወፍጮ ቤት ስለሚያጓራ በቴሌቪዥኑ ውስጥ የሚናገረው ሰው አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ እንጂ ድምፁ አይሰማም። ጃኖ ባንድን ብዙዎቻችን መጀመሪያ ያየነው እንዲህ ነው። የተጎነጎነ ጸጉር አየን፤ ጥቁር ልብስ አየን፤ አንገቱ የረዘመ ጊታርና ራሱን የሚወዘውዝ ወጣት አየን። አንዱ «ያበዱ ናቸው» አለ፤ ሌላው «የሰይጣን ማኅበር ነው» አለ፤ ሦስተኛው «ሴቶቹ እናት የላቸውም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ይህ ሁሉ ሲባል ግን አንድም ቃል፣ አንድም ዜማ በጆሮው የሰማ ሰው በሻይ ቤቱ አልነበረም። ፍርዱን የሰጠው ዓይናችን ነበር፤ ጆሯችንማ በጄኔሬተር ተይዞ ነበር።

ከዚህ ወገን በተቃራኒ የሚያመሰግኑም ነበሩ። ከአዲስ አበባና ከጎንደር ለሥራ የመጡ ወጣቶች «አዘጋጁ እኮ ፈረንጅ ነው፤ ትልልቅ አሜሪካውያንን ያጫወተ ሰው ነው» እያሉ ያደንቁ ነበር። ዘፈኑ ምን እንደሚል፣ ዜማው በየት ወርዶ በየት እንደሚወጣ ስጠይቃቸው ግን ስለ አሜሪካዊው ደግመው ይነግሩኛል። እኔ በእነዚህ እስቅባቸው ነበር። አሁን ሳስበው ግን በሻይ ቤቱ ከሚሳደቡት የሚለዩበት ነገር አላገኝም፤ አንዱ ወገን ፈረንጅ ስለ ነካው ያረከሰውን፣ ሌላው ወገን ፈረንጅ ስለ ነካው ያከበረው ነው። ሁለቱም የፈረዱት በቢል ላስዌል ላይ ነው፤ ጊታሩን የመቱት፣ ዘፈኑን የዘፈኑት የኢትዮጵያ ልጆች ግን በሁለቱም ችሎት ሳይጠሩ ቀሩ።

ሦስተኛው ወገን እኔ ያለሁበት፣ ተማርን የምንል ሰዎች ነን። እኛ አንሳደብም፤ በጨዋ ቃል «ይህ ባህላችን አይደለም» እንላለን። ይህች ቃል አጭር ናት፤ ብዙ ድካምም ታድናለች፤ እርስዋን የተናገረ ሰው ከዚያ በኋላ ማዳመጥ አያስፈልገውምና።

እስቲ አንባቢ ሆይ፣ «ባህላችን ነው» የምንለው ከየት እንደ መጣ ጥቂት እንመልከት። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች የነፋስ መሣሪያ ይዘው ሲመጡ፣ ያ የናስ ጥሩምባ ለጆሯችን እንግዳ ነበር። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ግን በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ስንቱን አሠለጠነ። እኔ በልጅነቴ ያን መዝሙር ቆሜ ስዘምር የአርመን ዜማ ነው ያለኝ ሰው የለም። እንዲሁም አመሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተፈቀደ መሆኑን እያወቀ በራሱ ድፍረት የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሲያሳትም፣ ዓለማየሁ በአሜሪካኖቹ ዘፋኞች መንገድ ጸጉሩን ያበጠረ፣ መድረክ ላይ የሚወራጭ ወጣት ነበር። ዛሬ ያን ዘመን «ወርቃማው ዘመን» ብለን በናፍቆት የምንጠራው እኛው ነን። ሽማግሌዎቻችን በዚያን ጊዜ ስለ እነዚያ ጸጉረ ረጃጅሞች የተናገሩትን እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ በሻይ ቤቱ ከሰማሁት የሚለየው በዘመኑ ብቻ ነው።

በተለይ የዋሊያስ ባንድ ነገር ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምስክር ነው። ዋሊያዎች በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወቱ የነበሩ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ከኃይሉ መርጊያ ጋር «ቼ በለው» የተባለውን ሥራ አወጡ። በውስጡ ዘፋኝ የለበትም፤ የሚናገሩት ኦርጋኑ፣ ጊታሩ፣ ሳክስፎኑና የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ናቸው። እኔ በዚያን ጊዜ ገና ወጣት ስሆን አንድ ጓደኛዬ ዘንድ ሰምቼው፣ «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» ብዬ እስከ መጨረሻው ጠበቅሁ። ሳይገባ አለቀ። «ይህማ ለዘፋኝ የተዘረጋ ምንጣፍ ነው እንጂ ዘፈን አይደለም» አልሁ። እኛ ቃል የምንወድ ሕዝብ ነን፤ ቅኔና ሰምና ወርቅ ያሳደገን ስለ ሆንን፣ ዜማ ቃል ካልተሸከመ ባዶውን የሚሄድ አህያ ይመስለናል። ከዚያ በኋላ ዋሊያዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ከፊሎቹ በዚያው ቀሩ፤ ኃይሉ መርጊያም በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ብዙ ዓመት ኖረ። «ቼ በለው» እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ እንደገና ታትሞ ሲወጣ ግን በእኛ ቋንቋ አንድ ቃል የማያውቁ ሰዎች አወደሱት። ይኸውም ዜናው ወደ እኛ ሲመለስ «ኧረ የኛ ሰው!» ብለን እኛም ማወደስ ጀመርን።

በዚህ ላይ ግን ልጠንቀቅ። ፈረንጅ ስለ ወደደው መልካም ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያ ብል ያን ቀድሞ የሳቅሁበትን ወጣት መሆኔ ነው። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ሙዚቃው እ.ኤ.አ. በ1977 የነበረው ያው ሙዚቃ ነው፤ አንድ ኖታ አልተጨመረበትም። በእነዚህ ሠላሳ ሰባት ዓመታት ውስጥ ቁጭ ብሎ ሊሰማው የሚችል ጆሮ በአገራችን አልጠፋም ነበር፤ ግን የኔን ዓይነቱ ጆሮ በመጀመሪያው ቀን ስለ ፈረደበት መዝገቡ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ፋይሉን የከፈተው ሌላ አገር ሰው ሆነ። ይህ የኛ ሥራ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ እመጣለሁ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ትምህርት ቤት በእግር እየተረገጠ የሚነፋ ሃርሞኒየም ነበር፤ በየማለዳው በእርሱ መሪነት እንዘምር ነበር። አያቴ ይህን በሰሙ ጊዜ ሦስት ቀን አላነጋገሩኝም። «በሳጥን የሚዘመር ምስጋና ከየት የመጣ ነው?» ይሉ ነበር። የሰፈሩም ልጆች በመንገድ ሲያገኙኝ ጉንጫቸውን እየነፉ የሃርሞኒየሙን ድምፅ በማስመሰል ያሾፉብኝ ነበር። አልቅሼ ወደ መምህሬ በሄድሁ ጊዜ «አያትህ መዝሙሩን ሰምተውታል?» ብለው ጠየቁኝ። አልሰሙትም ነበር። ይህ ጥያቄ ለዘላለም ሊረሳኝ የማይገባ ነበር። በሚሲዮኑ ቤት ደግሞ በተራቸው መሰንቆን እንደ መጠጥ ቤት ዕቃ ቆጥረው ይከለክሉን ነበር፤ በሁለቱ ወገን መካከል ያደገ ልጅ ሳይሰሙ መፍረድ ምን ያህል እንደሚያቆስል ከማንም ይልቅ ማወቅ ነበረበት።

ይህን ሁሉ ያየሁ ሰው፣ በ2005 ዓ.ም. በአንድ የቆላ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በደብተሩ ሽፋን ላይ «ጃኖ» ብሎ በትልቅ ፊደል ጽፎ፣ ከሥሩ የተጎነጎነ ጸጉር ያለው ሰው ሥሎ አገኘሁት። ስሙን አልጠራውም፤ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። በማግሥቱ ባንዲራ ሲሰቀል ከሰልፉ አወጣሁት። ደብተሩን ከፍ አድርጌ ለተማሪው ሁሉ አሳየሁና፣ የአባቶቻችን የክብር ልብስ ስም ለጩኸት እንደ ተሰጠ፣ ወጣቱም የራሱን ጥሎ የሰው እንደሚለቅም በሚያምር አማርኛ ተናገርሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ንግግሬ ለራሴም ደስ ብሎኝ ነበር። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ቆየና ቀስ ብሎ፣

«ቲቸር፣ ሰምተውታል ወይ?» አለኝ።

ድፍረት አልነበረበትም፤ ለማወቅ የጠየቀ ይመስል ነበር። ኒቆዲሞስ በአለቆቹ ሸንጎ መካከል ተነሥቶ ያነሣው ጥያቄ ይኸው ነው፤ አለቆቹም መልስ አጥተው እርሱኑ እንደ ሰደቡት መጽሐፉ ይነግረናል። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም እንደ አለቆቹ አደረግሁ፤ «ወላጅህን ሳታመጣ ክፍል እንዳትገባ» አልሁት።

እናቱ በማግሥቱ ሥራዋን ትታ መጣች። በገበያ ቡና የምትሸጥ ሴት ናት።

«መምህር፣ ልጄ ምን አጠፋ?» አለችኝ።

«በደብተሩ ላይ ነውር ጽፏል» አልኋት።

ደብተሩን ተቀብላ አገላብጣ አየችው፤ ማንበብ አትችልም ነበር። «ምን ይላል?» አለች።

«ጃኖ ይላል።»

«ጃኖ ነውር ነው እንዴ?» አለችኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ልጁን «ግባ» አልሁት፤ ገባም። በዚያው ክረምት ግን ከሰሊጥ ሠራተኞች ጋር ወደ እርሻ ወጣ፤ በመስከረም አልተመዘገበም፤ ቆይቶም በገላባት በኩል ወደ ሱዳን መሻገሩን ሰማሁ። ችግር ያሻገረው ልጅ ብዙ ነው፤ ይህን የኔ ንግግር ብቻ አደረገው ብል ራሴን ከሚገባኝ በላይ ማግዘፍ ይሆናል። ቢሆንም ትምህርት ቤቱን የሚወድበትን ምክንያት እንዳልጨመርሁለት አውቃለሁ።

«ኤርታሌ»ን የሰማሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። የእኅቴ ልጅ ለእረፍት መጥታ ስልኳን ትታልኝ ወደ ገበያ በሄደችበት ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ጊዜ ሰማሁት። (እዚህ ላይ አንድ ነውር ላንሣ፤ ያ ሥራ በስልኩ የገባው በሽንፋ ገበያ በጥቂት ብር ከሚገለብጥ ሱቅ ነው። ስንሳደብም ስናመሰግንም ለልጆቹ አንድ ሳንቲም አልደረሳቸውም። የአቀባበላችን ሌላው ገጽ ይህ ነው።) የሰማሁትን እንደ ተሰማኝ እናገራለሁ፤ ካሥራ ሰባት ዓመቱ ልጅ ይልቅ የስልሳ ዓመት ሽማግሌ ጆሮ ያለኝ መሆኔን አንባቢ ያስብልኝ።

መጀመሪያ ያስገረመኝ ቅኝቱ ነው። ከጩኸቱ ሥር ያሉት አምስቱ ድምፆች እኔ በልጅነቴ ከመሰንቆና ከክራር የሰማኋቸው ናቸው። ጊታሩ የሚጮኸው በባዕድ ጉሮሮ ነው፤ የሚናገረው ግን የሚገባኝን ነው። ሁለተኛው ነገር አራቱ ዘፋኞች ናቸው። በኛ ልማድ አንድ አውራ አለ፣ ሌላው ተቀባይ ነው፤ በሠርግም በለቅሶም እንዲሁ ነው። ሴቲቱ በባንድ ዘፈን ውስጥ ስትገኝ ብዙውን ጊዜ ከኋላ ቆማ «አሃ» የምትል ናት። እዚህ ግን አውራው አይታወቅም፤ አንዱ የጀመረውን ሌላይቱ ነጥቃ ትወስደዋለች፣ ሁለቱ ሴቶች ከወንዶቹ እኩል ይቆማሉ። በሻይ ቤቱ «ሴቶቹ እናት የላቸውም ወይ?» ተብሎ የተጠየቀላቸው እነዚህ ነበሩ። «አይራቅ» የተባለውን ዘፈን ስሰማ ይህን ያህል ጉልበት በአራት ጉሮሮ ተከፋፍሎ ሲወጣ እንደማያስቸግር አየሁ።

የማልወድለትም አለ። ከበሮውና ጊታሩ እየበረቱ ሲመጡ ቃሉን ይውጡታል። እንግሊዝኛ ቃሉ ቢጠፋ ምናልባት ብዙ አይጎዳ ይሆናል፤ አማርኛ ግን ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙን የሚለውጥ ቋንቋ ነው፤ «ገና» ሲላላና ሲጠብቅ ሁለት ነገር ነው። ምቱ ድምፁን እንዳሻው ሲያጠብቀውና ሲያላላው፣ ሰሚው ስሜቱን ይዞ ቃሉን ይጥላል። ይህን ችግር ሮክን ወደ አማርኛ የሚያመጣ ሁሉ ሊታገለው የሚገባ ነው፤ በ«ኤርታሌ» ውስጥ ግማሽ መንገድ የተሄደ ይመስለኛል። ግጥሞቹም አንዳንዶቹ ከዜማው ያንሳሉ፤ ተማሪዬ ቢጽፋቸው ኖሮ «ደግመህ ጻፈው» የምላቸው አሉ። ስለ ጸጉርና ስለ ልብስ ከመናገር ይልቅ ይህን ብንላቸው ኖሮ ለሁለተኛው ሥራቸው አንድ ነገር ባበረከትን ነበር። ወቀሳ እንኳ የሚጠቅመው ከሰማ ሰው አፍ ሲወጣ ነው፤ ካልሰማ ሰው የመጣውን ወጣቱ በአንድ ጆሮ አስገብቶ በሌላው ቢያወጣው አልፈርድበትም።

በኔ ጆሮ ብቻ እንዳልታመን ሌላ ሰው ፈለግሁ። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ሠራተኛው ገንዘብ ስለሚይዝ አዝማሪዎች ከደጋ ወደ ቆላው ይወርዳሉ። አንዱን መሰንቆኛ ቤቴ ጠርቼ ቡና አጠጣሁትና ከስልኩ አሰማሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። መሰንቆውን አንሥቶ ጥቂት ገዘገዘና ዜማውን ወዲያው አገኘው። ከዚያም «መምህር፣ ቅኝቱ የኛው ነው፤ ጩኸቱ ግን የጄኔሬተር ነው» አለኝ። ስለ «ኤርታሌ» ከተባለው ሁሉ ከዚህ የተሻለ ሒስ አልሰማሁም፤ ምክንያቱም ግማሹ ምስጋና፣ ግማሹ ወቀሳ ነው፤ ሁለቱም ከመስማት የመጡ ናቸው። አንድ ሱዳናዊ የጥጥ ነጋዴ ጎረቤቴም ሰምቶ «ይህን ያህል ለምን ተቆጡ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሱዳኖች የጥላሁንና የማሕሙድ ዘፈን ቃሉ ሳይገባቸው ሲወዱ የኖሩ ናቸው፤ እኛም በዚህ በድንበሩ የእነርሱን እንዲሁ ስንወድ ኖረናል። የሳዪድ ኸሊፋን ዘፈን በሽንፋ ሲሰማ «ባህላችን አይደለም» ያለ ሰው አላጋጠመኝም። ቁጣችንን የምናከማቸው ለገዛ ልጆቻችን ይመስላል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚባለው ለሌላ ነገር ነው፤ እኔ ግን በዚህም ላይ ይሠራል እላለሁ።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሰው በመተማ በኩል ወደዚህ ፈለሰ፤ ከመጡትም ውስጥ ያ ተማሪዬ ይገኝበት ነበር። በሱዳን የስልክ ጥገና ተምሯል፤ አሁን በገበያው ጫፍ በቆርቆሮ በተሠራች ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ብዙ ቀን በበሩ አልፌ ሄድሁ። በመጨረሻ የተበላሸ ስልኬን ምክንያት አድርጌ ገባሁ። ወዲያው ዐወቀኝና ተነሥቶ መቀመጫውን ለቀቀልኝ። ስልኩን ሲፈታ ቆየና፣ ያን የሰልፉን ቀን አነሣሁበት፤ ዘፈኑን በኋላ እንደ ሰማሁት፣ በሰልፉ ፊት የተናገርሁትም ሳልሰማ የተናገርሁት እንደ ነበር፣ ይቅር እንዲለኝም ነገርሁት።

ሥራውን አላቋረጠም። «ቲቸር፣» አለኝ፣ «እኔም እኮ ያን ጊዜ በደንብ አልሰማሁትም ነበር። ከጓደኛዬ ስልክ አንድ ዘፈን ብቻ ነው የሰማሁት። የሣልሁት ጸጉራቸው አምሮኝ ነው።»

ሁለታችንም ሳቅን። «አሁንስ?» አልሁት።

«አሁን ብዙም አልሰማውም። ካርቱም ሳለሁ ግን እሰማው ነበር» አለና፣ ስልኩን ገጥሞ አበራው። ከዚያም ሜሞሪዬን ተቀብሎ ጓዱ በ2010 ዓ.ም. ያወጣውን «ለራስህ ነው» የተባለውን ሁለተኛ ሥራ ጫነልኝ። «ለጥገናው ይስጡኝ፤ ዘፈኑን ግን ከኔ ይሁን» አለኝ። የባንዱን ድርሻ ማን እንደሚከፍል ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ ለዚያን ቀን ተውሁት። እስካሁን ሰባቱን ዘፈኖች ሰምቻለሁ።